ውዳሴ ለዝይ ቀላቢዎች

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ፣ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር ወረድኩ። ቴርሞሴን ይዤ፣ ነፋስ ልቀበል ብዬ። ሞተሬን ገና ሳላጠፋ አርባ የሚሆኑ ዝይዎች ክንፋቸውን እያርገበገቡ ሲሮጡ አየሁ። ወደ እኔ አይደለም። ከኋላዬ ወደሚገባው ብርማ ቫን ነው። ከሩቅ በድምፁ ለይተውታል። የገዛ ልጄ እንኳ የእኔን መኪና በድምፅ አይለይም።

ከቫኑ ማን እንደወረደ መናገር አለብኝ? ታውቁታላችሁ። ዲሲም ኑሩ፣ ሜሪላንድም ኑሩ፣ አንድ አንድ አላችሁ። ፌስታል ሙሉ ዳቦ ይዞ ውሃ ዳር የሚወርድ፣ ፊቱ የጽድቅ ብርሃን የሚረጭ ደግ ሰው። እኔ እዚህ አምድ ላይ ሁልጊዜ ሰው ስወቅስ ነው የምገኘው። ዛሬ ግን ላመሰግን ነው አመጣጤ።

በመጀመሪያ ድፍረታቸው ይመስገን። «እንስሳትን መመገብ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ሥር ቆሞ ዳቦ መቁረስ የዋዛ ነገር አይደለም። ሰሌዳውን ፌስታል ማንጠልጠያ ያደረገም አይቻለሁ። ፌስታሉ ራሱ ምስጋና ይገባዋል። ዲሲ ውስጥ ከ2010 ጀምሮ 5 ሳንቲም ይከፈልበታል (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማወራው)፤ ከገንዘቡም አብዛኛው ለዚሁ ወንዝ ጽዳት ይውላል። ስለዚህ ዳቦው የጎዳውን ፌስታሉ ይክሳል ማለት ነው። ሒሳቡ ተዘጋ።

ከዚያ የገበታው ስፋት! አንዱ የቶስት ዳቦ ያመጣል። ሌላዋ ከልደት የተረፈ ኬክ፣ ሻማው ሳይነቀል። አንድ ቀን ሙሉ ድፎ ዳቦ ከነኮባው መጥቶ አይቻለሁ። እናቶቻችን የተረፈውን እንጀራ ድርቆሽ አድርገው ባሕር አሻግረው ይልኩልን ነበር። እኛ ደግሞ ትኩሱን ለዝይ። ዝይዎቹም የዋዛ እንግዶች እንዳይመስሏችሁ። ያማርጣሉ። ከሁለት ሳምንት በፊት የቫኑ ጋሼ (ስማቸውን አልጠየቅኩም፤ ጋሼ ይበቃል) እንጀራ ጥቅልል አድርገው አቀረቡላቸው። አንዱ ዝይ ጫፉን ነከስ አድርጎ ወረወረው። ሁለተኛው ረገጠው። ጋሼ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ሰርገኛ ስለሆነ ነው፤ በሚቀጥለው ማኛ አመጣለሁ» አሉ። አልቀለዱም። እኔ ቤት የሚበላው ሰርገኛ መሆኑን እዚያ ለመናገር አፈርኩ።

ዳቦ ለዝይ ሆድ መሙያ እንጂ ምግብ አይደለም። የዝይ ምግብ ሣር፣ ዘርና የውሃ ተክል ነው። ዝይ አፍ ቢኖረው «ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ» ይል ነበር። አፍ ስለሌለው ግን ይበላል፣ ይወፍራል፣ ሰው ያሳድዳል።

ስለ እነዚህ ዝይዎች አንድ ነገር ላጫውታችሁ። የካናዳ ዝይ በተፈጥሮው መንገደኛ ወፍ ነው። በጋውን ሰሜን፣ ብርዱን ደቡብ። የእኛዎቹ ግን አይሄዱም። ድሮ አዳኞች የዱር ዝይ ለማማለል በሰው እጅ ያደጉ ዝይዎችን ውሃ ዳር ያስሩ ነበር። ይህ በ1935 በሕግ ሲከለከል ብዙዎቹ ተለቀቁ። ሌሎችም ለአደን እንዲራቡ ተብለው ኋላ ላይ ተለቀዋል። ዝይ መንገዱን የሚማረው ከወላጁ ነው። የሚያሳያቸው ስላልነበረ ቀሩ፣ ወለዱ፣ ከበዱ። «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብሎ መጥቶ ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው በዚህ ላይ የሚፈርድበት አፍ የለውም። እኔም ዝም እላለሁ። ደግሞስ ማኛ ይዞ የሚመጣ ጋሼ እያለ ማን ይሄዳል?

አሁን ወደ ጭቃው። አናኮስቲያ ተራ ወንዝ አይደለም። ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በፖቶማክ ወንዝ በኩል በሚመጣው ግፊት በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ልዩነቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው። በሙላትና በጉድለት መካከል የሚቀረው ጭቃ ላይ ነው ረግረጉ የሚበቅለው። ደለሉን የሚይዘው፣ ውሃውን የሚያጣራው፣ ለዓሣ ጫጩት መደበቂያ የሚሆነው እሱ ነው። በአንድ ወቅት 1,000 ሄክታር ገደማ ነበር። ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ መሐንዲሶች ወንዙን ቆፍረው፣ ረግረጉን ደፍነው «አሳመሩት»። የተረፈው 60 ሄክታር ገደማ ነው።

ከዚያ ጸጸት መጣ። እዚሁ ወንዝ ዳር፣ በ1993 ኬኒልወርዝ ላይ፣ በ2000 ኪንግማን ሐይቅ ላይ ከወንዙ የተዛቀ ደለል ተመልሶ ተከመረ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ችግኝም ተተከለ። ኪንግማን ላይ ዝይዎቹ መጡ። ለዝይ ችግኝ ማለት ጎመን ነው። ላጩት። ሥሩ ሲጠፋ ጭቃውን የሚይዘው የለም። ጭቃው ዝቅ ሲል ውሃው ረዘም ላለ ሰዓት ይተኛበታል። ውሃ የተኛበት ላይ ደግሞ ችግኙ ድጋሚ አይነሳም። አረንጓዴው እንደገና ራቁት ጭቃ ሆነ።

ለዚህ ነው አሁን በየተተከለው ቦታ ዙሪያውን ችካል፣ መካከሉን ሲባጎ የምታዩት። ዝይ ጠባብ ቦታ ላይ ማረፍም መነሳትም ስለማይመቸው ይርቃል። በእግሩ እንዳይገባ ደግሞ ከታች መረብ አለ። ይህን የሠሩት እሑድ ጠዋት ከእንቅልፋቸው የሚነሱ ሰዎች ናቸው።

ያን እሑድ ጋሼ ዳቦውን ሲያጋምሱ ወደ ችካሎቹ ሄዱ። ግንቦት ነው፤ ጫጩቶች ተፈልፍለዋል። አንዲት እናት ዝይ ሰባት ቢጫ ልጆቿን አስከትላ መረቡ ሥር ወዲያ ወዲህ ትላለች። ጋሼ ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። መረቡን በሁለት እጃቸው እንደ ሰርግ ድንኳን በር ከፍ አደረጉት። እናት ገባች። ሰባቱ ተራ በተራ ተከተሉ። አባትየው ግራ ቀኙን ገላምጦ መጨረሻ ላይ ገባ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የታጠረው ለእነሱ ነው» አልኩ።

«ለእነሱ ነዋ! እኔስ ምን አልኩ?»

«እንዳይገቡ ማለቴ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ወፍ ሣር እንዳይበላ ተብሎ አጥር? እግዜር በሠራው ሜዳ? የሚያበራየውን በሬ እንኳ አፉን አትሰር ተብሏል።»

«ሣር አይደለም እኮ ጋሼ፣ የዱር ሩዝ ነው።»

«ታዲያ ሩዝ ከሆነማ ይብሉት!»

ምን ልበል? የዱር ሩዝ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል ነው። ዘንድሮ ዘር ሳይጥል ከተበላ ለከርሞ የሚያበቅለው የለም። ሜሪላንድ ውስጥ ፓተክሰንት ወንዝ ላይ፣ ጃግ ቤይ የሚባል ቦታ፣ ዝይዎች ሩዙን ሊጨርሱት ደርሰው ነበር። አጠሩት፣ እንደገና ዘሩት፣ ዝይውንም በአደን ቀነሱት። ሩዙ ተመለሰ። ከእኛ ሰፈር ራቅ ስለሚል ይሆናል፣ መረብ የሚያነሳ ደግ ሰው ሳይደርስለት ቀርቶ።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ላቁም። ከዚህ ረግረግ ጎን፣ ኬኒልወርዝ ላይ፣ የከተማው ቆሻሻ ለዓመታት በገላጣ ይቃጠል ነበር። ጭሱን የሚተነፍሱት አጠገቡ የሚኖሩ ጥቁር ቤተሰቦች ነበሩ። በ1968 አንድ የ7 ዓመት ልጅ እዚያው እሳት ውስጥ ሞተ። ማቃጠሉ የቆመው ከዚያ በኋላ ነው። የኬኒልወርዝ ረግረግ ተመልሶ እስኪተከል ደግሞ 25 ዓመት ፈጀ። «ዳቦ ምን ይጎዳል?» አትበሉኝ። ያልተበላው ይበሰብሳል፣ አይጥ ይጠራል። የተበላው ኩስ ሆኖ ወንዝ ይገባል። ዝናብ በጣለ ቁጥር የሽንት ቤት ፍሳሽ አናኮስቲያ እንዳይገባ ከመሬት በታች 7 ሜትር ስፋት ያለው ዋሻ ተቆፍሯል፤ አንዱ ክፍል በ2018፣ የመጨረሻው በ2023 ሥራ ጀመረ። ወጪው በቢሊዮን ዶላር ነው የሚቆጠረው። ዲሲ የምንኖር ሰዎች በየወሩ ከውሃ ቢላችን ጋር እንከፍላለን። ለሰው ኩስ ዋሻ ቆፍረን ለዝይ ኩስ ቀለብ እንሰፍራለን! ሰው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ገብቶ የተከለውን ለአሥር ደቂቃ ደስታችን እያስበላን፣ ከዚያ ቪዲዮውን ለቤተሰብ ግሩፕ እንልካለን። ያናድዳል። በጣም ያናድዳል።

ይቅርታ። ለምስጋና ነበር የመጣሁት።

ጋሼ መረቡን እንደያዙ ስልካቸው ጮኸ። «እስቲ ይቺን ያዝልኝ ልጄ» ብለው ፌስታሉን አቀበሉኝ። ታላቅ ሰው ሲያቀብል አልይዝም አይባልም። ያዝኩ። እሳቸው እያወሩ ወደ ቫኑ ሄዱ። ዝይዎቹ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። አንዱ ሱሪዬን ነከሰ። ይልቀቀኝ ብዬ አንድ ቁራሽ ወረወርኩለት።

ከኋላዬ የቡትስ ድምፅ ሰማሁ። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰች፣ እስከ ጭኗ ጭቃ የሆነች ሴትዮ ናት። መጀመሪያ ፌስታሉን አየች። ቀጥሎ የተነሳውን መረብ። ቀጥሎ እኔን። ማንበብ እችል እንደሆነ በጣም በትሕትና ጠየቀችኝ።

«የእኔ አይደለም» አልኳት። ይህን ሰበብ ስትሰማ የመጀመሪያዋ እንዳልሆነ ፊቷ ይናገራል። ወደ ቫኑ ጠቆምኩ። ጋሼ ሞተር አስነስተው እየወጡ ነው። አጠገባችን ሲደርሱ መስኮታቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ማኛው ከሥር ነው!» ብለው ጮኹልኝና ሄዱ።