በጥርጣሬ ጡረታ፦ ቅጣት ነው ሽልማት?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ «በሙስና የተጠረጠረ የመንግሥት ሠራተኛ ክስ ሳይጠበቅ በግዴታ ጡረታ ይውጣ።» ደጋፊው ዕድሜያቸውን በኦዲተርነት አሳልፈው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ተቃዋሚዋ የሠራተኞችን ጉዳይ የሚይዙ ጠበቃ ናቸው።

ኦዲተሩ

ለክስ የሚበቃ ማስረጃና ሰውን ለማወቅ የሚበቃ ማስረጃ አንድ አይደለም። ችግራችን ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ የግዢ ሰነድ ሳገላብጥ ሦስት ፕሮፎርማ አገኘሁ። ሦስት ድርጅት፣ ሦስት ማኅተም። «ፕሪንተር» የሚለው ቃል ግን ሦስቱም ላይ «ፕሪተር» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሦስቱንም እንደሞላቸው ለማወቅ ኦዲተር መሆን አያስፈልግም። በሪፖርቴ ጻፍኩት። «ለክስ አይበቃም» ተባለ። የግዢ ሠራተኛው እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኖ ቀጣዩን ግዢ ፈጸመ።

ሕንዶች ለዚህ መላ አላቸው። ደንብ 56(ጄ) ይሉታል። መንግሥት 50 ወይም 55 ዓመት የሞላውን ሠራተኛ ለሕዝብ ጥቅም ሲል የ3 ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ጡረታ ያስወጣዋል። በአውሮፓውያኑ ጁን 2019 በአንድ ወር ውስጥ 12 የገቢ ግብር ኃላፊዎችና 15 የጉምሩክ ኃላፊዎች በዚሁ ደንብ ተሸኙ። እስር የለም፣ ዓመታት የሚፈጅ ቀጠሮ የለም። ጡረታውም አይቀርም። ንጹሕ ሰው ተሳስቶ ቢካተት እንኳ ጡረታውን ይዞ ይወጣል። ምን ይጎዳል?

ጠበቃዋ

«ምን ይጎዳል?»

ጋሼ፣ ይህን ሲጽፉ እጅዎ አልከበደዎትም? በ51 ዓመቱ ከሥራ የወጣ ሰው ጎረቤት «ምነው በጊዜ?» ሲለው ምን ይመልስ? የእኛ አገር መጦሪያ ዕድሜ 60 ነው። ከዚያ በፊት በደብዳቤ የተሸኘን ሰው ማን ይቀጥረዋል? ልጆቹስ ትምህርት ቤት ምን ይባላሉ?

ደግሞ ሕንድ ድረስ ምን አስኬደዎት? እኛው ሞክረነዋል። የቀድሞውን የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ሠራተኞች ደንብ ቁጥር 155/2000 አንቀጽ 37ን ያንብቡት። ዋና ዳይሬክተሩ በሙስና የጠረጠረውንና እምነት ያጣበትን ሠራተኛ መደበኛውን የዲሲፕሊን ሥርዓት ሳይከተል ማሰናበት ይችል ነበር። የተሰናበተው ደግሞ በየትኛውም የዳኝነት አካል ውሳኔ ወደ ሥራው የመመለስ መብት አልነበረውም። ደንቡ በአንቀጽ 37 የዘጋውን በር ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 37 ነው የሚከፍተው፤ ፍትሕ የማግኘት መብት ይላል።

አንዲት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ደንበኛዬ ነበረች። መሥሪያ ቤቷን አልጠራም። ያልገባ ዕቃ እንደገባ አድርጋ ሞዴል 19 በሚባለው የዕቃ መቀበያ ቅጽ ላይ እንድትፈርም ታዘዘች። «ዕቃውን ሳላይ አልፈርምም» አለች። ብዙም ሳይቆይ «እምነት አጥተንብዎታል» የሚል ደብዳቤ ደረሳት። የተጠረጠረችው በምን ይመስልዎታል? በሙስና!

አዎ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ሌባው ማን እንደሆነ ከጥበቃው እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ ያውቃል። ማወቅና ማረጋገጥ ግን ለየቅል ናቸው።

ኦዲተሩ

«ከጥበቃው እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ ያውቃል» አሉ። እግዜር ይስጥልኝ! ክርክሩን ጨረሱልኝ እኮ። ጥበቃው ያውቃል፣ ጽዳቷ ታውቃለች፣ እርስዎም ያውቃሉ። የማያውቀው ደመወዝ የሚከፍለው መንግሥት ብቻ ነው። እሱም ቢያውቅ አላውቅም እንዲል ነው የሚመክሩት።

ደንብ 155ን ከእኔ ሐሳብ ጋር አያምታቱት። እሱ ሰውን ከነስሙ አውጥቶ ይጥል ነበር። የእኔ ጡረታ ነው፣ ክብር ያለው አሸኛኘት ነው።

«ጋሼ» የሚለውንም ይተዉት። የምንከራከረው በሐሳብ ነው።

ጠበቃዋ

እሺ፣ ኦዲተር ልበልዎት። ኦዲተር ደግሞ ገጽ አይዘልም። ሞዴል 19ን ግን ዘለሏት።

«ክብር ያለው አሸኛኘት» ይሉኛል፤ ቅድም «ምን ይጎዳል» ያሉት ነው ሱፍ ለብሶ የመጣው። ክብር ከሆነ ለምን በግዴታ? ቅጣት ከሆነ ደግሞ ለምን ሳይሰማ? የሚያደንቋት ሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአውሮፓውያኑ 2001 በጉጃራት ክልል ጉዳይ ምን አለ? የግዴታ ጡረታ የዲሲፕሊን ምርመራን ለመሸሽ አቋራጭ ሆኖ እንዳያገለግል፣ እንደ ቅጣትም እንዳይወሰን አለ። እርስዎ የሚፈልጉት ይህንኑ አቋራጭ ነው።

ሌባ ሻይን ያስታውሳሉ? መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ደጃፍ ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ያ ልጅ ቢያንስ በባለቤቱ ላይ ቂም አልነበረውም። የእርስዎ ጠቋሚዎች አላቸው።

ደግሞ እውነተኛው ሌባስ? ሚሊዮን በልቶ፣ ቤት ሠርቶ፣ በየወሩ ጡረታውን እየተቀበለ ይኖራል። ሲሾም በላ፣ ሲሻርም አልቆጨው።

ኦዲተሩ

ሌባ ሻይ! እኔ ሰነድ አምጥቼ እሳቸው ተረት ያመጣሉ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ሙሰኛው ጠበቃ የሚቀጥረው በማን ገንዘብ ነው? «ይጣራ፣ ይጣራ» የሚለው መዝሙር ጥሩ ይከፍላል መሰለኝ።

ጠበቃዋ

ያቺ የንብረት ክፍል ሠራተኛ የከፈለችኝን ቢያውቁ ያፍሩ ነበር። ስለ ክፍያዬ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ይልቅ ስለ ሥራ እናውራ። የሀብት ማስመዝገቢያ አዋጅ 668/2002 አለ። የግዢ ሠራተኛዎ በዚያ ደመወዝ ሦስተኛ ፎቅ ካወጣ ከየት አመጣኸው ይባል።

ኦዲተሩ

ይኸው! እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ሀብቱ ከደመወዙ ጋር አልመጣጠን ያለ፣ ምንጩንም ማስረዳት ያልቻለ ጡረታ ይውጣ። አንድ አለቃ ብቻውን አይወስን፣ ኮሚቴ ይየው። ይህ ያስከፋል?

ጠበቃዋ

ጭራሽ! ሲጀምሩ «የተጠረጠረ ይውጣ» ነበር። አሁን «ማስረዳት ያልቻለ ይውጣ» ሆነ። ምንጩ ያልታወቀ ሀብት ይዞ መገኘት በአዋጅ 881/2007 ወንጀል ነው። በጡረታ የሚሸኝበት ሳይሆን የሚከሰስበት ነው። ሐሳብዎን ቀይረዋል፤ መልካም ነው፣ ግን ቀየርኩ ይበሉ።

ኦዲተሩ

አልቀየርኩም። አብራራሁ። ክሱም ይቀጥል፣ ሰውዬውም ከወንበሩ ይነሳ። ክሱ አምስት ዓመት ሲጎተት ቼክ እየፈረመ ይቆይ?

ጠበቃዋ

ለዚያ እኮ ከሥራ ማገድ አለ። ተመርምሮ ነጻ ከሆነ ይመለሳል። ከጡረታ መመለሻ የለም። ኮሚቴውን ደግሞ ማን ነው የሚሰይመው? ያው የበላይ ኃላፊው ነው። ያልገባ ዕቃ ላይ ፈርሙ የሚለው ከላይ ነው፣ እርስዎ የሚሸኙት ግን ከታች ያለውን ነው። ቆራጥ ከሆኑ ከተሿሚዎቹ ይጀምሩ።

ኦዲተሩ

ከተሿሚዎቹ ይጀመር፣ እስማማለሁ! ማን ይጠላል? የእያንዳንዱን ደብዳቤ የአለቃው አለቃ ይፈርም።

ጠበቃዋ

እሱ ሲጠረጠርስ?

ኦዲተሩ

እንግዲህ በዚህ አካሄድ ከሚኒስትር እስከ መዝገብ ቤት የሚነካ የለም ማለት ነው። ደንበኞችዎን እንኳን ደስ አላችሁ በሉልኝ።