ለመጨረሻ ጊዜ፣ እንደ ሁልጊዜው

ፓኪስታን የምትደነቅበት ነገር ብዙ ነው። ክሪኬት ትችላለች። ማንጎዋ ይጣፍጣል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማደንቅላት መሐላዋን ነው። ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ጋር የመጀመሪያውን የብድር ስምምነት የፈረመችው በ1958 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ያዙልኝ)። ከዚያ ወዲህ ከ20 ጊዜ በላይ ተመላልሳለች። መመላለሱንማ ማንም ያደርገዋል። ጥበቡ ያለው በየጊዜው "ይሄ የመጨረሻው ነው" ማለቱ ላይ ነው። ያውም ሳይስቁ።

የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር የናዋዝ ሻሪፍ ፓርቲ ለዓመታት "የልመናውን ሳህን እንሰብራለን" ሲል ኖሯል። በ2013 ሥልጣን ያዘ። በዚያው ዓመት 6.6 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ። በ2016 ፕሮግራሙ አለቀና ከአይኤምኤፍ ጋር ደህና ሁኑ ተባባሉ። ቀጥሎ ኢምራን ካን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው መጡ። እሳቸው ወደ አይኤምኤፍ ከምሄድ ራሴን ባጠፋ ይሻለኛል ያሉ ሰው ናቸው። እግዜር ይመስገን ሐሳባቸውን ቀየሩ፤ በ2019 ለ6 ቢሊዮን ዶላር ፈረሙ። ከዚያ እሳቸውን የተኩት የናዋዝ ወንድም ሻህባዝ ሻሪፍ በ2023 ለዘጠኝ ወር የሚሆን 3 ቢሊዮን ወሰዱ። በመስከረም 2024 ደግሞ ለ37 ወር የሚሆን 7 ቢሊዮን ጨመሩ። ይሄኛው የመጨረሻው ነው ብለዋል። (ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ በዚያው በአይኤምኤፍ ቦርድ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ያስጸደቅነው እኛ ነን። የእኛን ግን ሌላ ቀን።) ሳህኑ ይህን ሁሉ ዘመን ሲሰበር ኖሮ ዛሬም ደህና ነው። ኤክስፖርት አነሰኝ የምትል አገር እንዲህ ያለውን ጠንካራ ዕቃ እስካሁን ለውጭ ገበያ አለማቅረቧ ይገርመኛል።

መሐላው የሚፈርሰው አገሪቱ ስትቸገር ይመስላችኋል? የለም፣ ስታድግ ነው። በ2022 የበጀት ዓመት ኢኮኖሚዋ ወደ 6 በመቶ አደገ። ጭብጨባው ደመቀ። ሰው መኪና ገዛ፣ ስልክ ቀየረ፣ ፋብሪካው ነዳጅና ማሽን አስገባ። ከውጭ የተገዛው ዕቃ ወደ 80 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። የተሸጠው 32 ቢሊዮን ገደማ ነበር። በ2023 መጀመሪያ የማዕከላዊ ባንኩ የውጭ ምንዛሪ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በታች ወረደ፤ የሦስት ሳምንት ገቢ ዕቃ እንኳ የማይገዛ። በካራቺ ወደብ በሺህ የሚቆጠር ኮንቴይነር ተገተረ። ባንኮች ኤልሲ (ለውጭ ሻጭ ክፍያውን የሚያረጋግጥ ሰነድ) አንከፍትም አሉ። መኪና ገጣጣሚዎች ዕቃ አጥተው ማሽን አጠፉ። በግንቦት የዋጋ ንረቱ 38 በመቶ ሆነ። በየጊዜው የሚሆነው ይኸው ነው፤ ቁጥሩ ብቻ ይለያያል። ሰው በችግሩ ሲበደር ደንብ ነው። በእድገቱ መክሰር ግን ልዩ ችሎታ ይጠይቃል።

መንግሥት እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ እንዳትሉ። በሰኔ 2022 የዕቅድ ሚኒስትሩ አህሳን ኢቅባል መፍትሔ ይዘው ብቅ አሉ። ሻዩን የምናስገባው በብድር ነውና በቀን አንድ ሁለት ሲኒ ቀንሱ አሉ ለሕዝቡ። ለፓኪስታን ሕዝብ! ለዚያ ሻይ ለሚወድ ሕዝብ! አቦልና ቶናው ይበቃችኋል፣ በረካውን ለአገር ተዉት የሚል ሚኒስትር እኛ ጋ ቢነሳ ቀጥሎ የሚሆነውን አስቡት። እኔ ግን ሚኒስትሩን አልወቅስም። ከሲኒው የሚቀነሰው ሻይ አድማ አይመታም፣ ፓርላማም አይገባም።

አድማ የሚመቱትና ፓርላማ የሚገቡት ሌሎች ናቸው። የግብር ነገር ካልተነሳ ውዳሴዬ ጎደሎ ነው። ግብር የማይከፍል ሰው በየአገሩ አለ፤ ተደብቆ ይኖራል። ፓኪስታን ውስጥ ግን ለዓመታት ሕጋዊ ማዕረግ ነበረው። "የገቢ መግለጫ የማያቀርብ" ይባላል። መኪና ሲገዛ ትንሽ ይጨምራል። ቤት ሲገዛ ትንሽ ይጨምራል። ከባንክ ብር ሲያወጣ ትንሽ ይቆረጥበታል። በቃ። መንግሥት መኪናውን ያውቃል፣ ቤቱን ያውቃል፣ የባንክ ደብተሩን ያውቃል። ከየት አመጣኸው ብሎ ግን አይጠይቀውም ነበር። ይሉኝታ ማለት ይሄ ነው።

ግብርናው ከአገሪቱ ኢኮኖሚ ሩብ ያህሉን ይይዛል። የሚያዋጣው የገቢ ግብር እዚህ ግባ አይባልም። ምክር ቤቶቹ ውስጥ ባላባት ስለበዛ ነው የሚሉ ሐሜተኞች አሉ። እንዴ! መሬቱ ግብር መሸከም እንደማይችል ከባለመሬቱ በላይ ማን ይመሰክራል? ክፍላተ ሀገሩ እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ የእርሻ ገቢ ግብር ሕጋቸውን አጥብቀዋል። የገፋፋቸውም ያው አይኤምኤፍ ነው።

ባለሱቁም ክብሩን ያውቃል። በ2022 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሚፍታህ ኢስማኢል ከመብራት ሂሳብ ጋር ቁርጥ ግብር ይጨመርበት አሉ። የገዛ ፓርቲያቸው ሰው ማርያም ናዋዝ ትዊተር ላይ ወጥተው አንሱት አሏቸው። ተነሣ። ብዙም ሳይቆይ ሚኒስትሩም ተነሡ። በ2024 ባለሱቁን ግብር የሚያስከፍል ሌላ ዘዴ መጣ። ስሙም "የነጋዴ ወዳጅ" ሆነ። ነሐሴ ላይ ነጋዴው በመላ አገሪቱ ሱቁን ዘጋ። ታዲያ ማን ቀረ? ደመወዝተኛው። እሱ ሱቅ ዘግቶ አያምፅም፤ የሚዘጋው ሱቅ የለውም። ግብሩ ገንዘቡ እጁ ሳይገባ ይቆረጣል። ለዚህ ትዕግሥቱ ሐውልት ይገባው ነበር፤ ግን ወጪው ያው ከሱ ነው የሚቆረጠው።

ሚፍታህን የተኩት ኢስሃቅ ዳር ወኔያቸው ሌላ ነው። ዶላሩን ከ200 ሩፒ (የፓኪስታን ገንዘብ ነው) በታች አወርደዋለሁ ብለው ገቡ። ባንክ ቤት አንድ ዋጋ፣ ጥቁር ገበያ ሌላ ዋጋ ሆነ። በጥር 2023 የምንዛሪው ልጓም ሲላላ ሩፒው በአንድ ቀን ከ230 ወደ 255 ሄደ። ዶላሩ አልሰማም መሰለኝ።

ወዳጅ ማፍራት ላይማ የሚደርስባቸው የለም። ሳዑዲ፣ ኤምሬትስና ቻይና በማዕከላዊ ባንኩ ለዓመታት ቢሊዮኖች ሲያስቀምጡ ኖረዋል። ገንዘቡ ለመታየት ነው እንጂ ለመብላት አይደለም። ልጅ ሊታጭ ሽማግሌ ሲመጣ ከጎረቤት ሶፋ ተውሰው ሳሎን እንደሚያደምቁት ነው። ልዩነቱ እዚህ ሽማግሌው ራሱ "ሶፋውን ተዋሱና ልምጣ" ማለቱ ነው። አይኤምኤፍ ከመፈረሙ በፊት ወዳጆቹ ገንዘባቸውን እንዳያነሱ ማረጋገጫ ይጠይቃል። ቀኑ ሲደርስ "አንድ ዓመት ጨምሩልን" ይባላል። ይጨመራል።

እዚህ ጋ ሽሙጤን ላፍታ ላቁም። አገሪቱን ቀጥ አድርጎ የያዛት ይህ ሁሉ ፊርማ አይደለም። ሪያድና ዱባይ ፀሐይ ላይ ሕንፃ የሚሠራው፣ ታክሲ የሚነዳው ሰው ነው። በ2025 የበጀት ዓመት በውጭ ያሉ ፓኪስታናውያን ወደ አገር ቤት የላኩት 38 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነው። አገሪቱ ዕቃ ሸጣ ካገኘችው ይበልጣል። አጠገቡ ቆማ ብር የምታስልክ የእኛ አገር ልጅ ወረፋውን ታውቀዋለች።

ወደ መሐላችን እንመለስ። የአሁኑ ፕሮግራም የሚያበቃው በ2027 መገባደጃ ነው። ምርጫው የሚጠበቀው በ2029 መጀመሪያ ነው። መሐሉ ላይ ከአንድ ዓመት የሚበልጥ፣ ተቆጣጣሪ የሌለበት ደስ የሚል ጊዜ አለ። ልምዱም አለ። በየካቲት 2022 ኢምራን ካን ወንበራቸው ሲነቃነቅ ቤንዚን በሊትር 10 ሩፒ ቀነሱ። እስከ ሰኔ አይጨምርም አሉ። ከአይኤምኤፍ ጋር የነበረው ስምምነት ተናጋ። እሳቸውም በሚያዝያ ወረዱ። ዋጋውን መልሶ የሰቀለውና ስድቡን የጠጣው ተተኪው የሻህባዝ መንግሥት ነው። ያ ተተኪ አሁን ወንበሩ ላይ ነው፤ መቼ እንደሚቀነስና ማን እንደሚሰደብ በደንብ ተምሯል። የ2028 በጀት ሲወጣ ቤንዚን በስንት እንደሚቀንስ ከአሁኑ መወራረድ ይቻላል። እኔ 15 ሩፒ ብያለሁ።