«እያሰብኩ ነው» ላለ ልጅ የተደረገ ርብርብ

ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ወረድ ብሎ አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ነበር። ንፍሮው ዞሯል፣ ካርታው ከኋላ አግዳሚ ላይ ተጀምሯል፣ ወሬው እንደ ወትሮው ከሟች ደግነት ተነስቶ ወደ ወዲያኛው ዓለም ተሻግሯል። አንድ ጎልማሳ ድንገት ዞር አለና ጥግ ላይ ስልኩን የሚነካካውን ወጣት «አንተስ? ከሞት በኋላ ምን አለ ትላለህ?» አለው። ልጁ ጨዋ ነው፤ ስልኩን ኪሱ ከተተና «እርግጠኛ አይደለሁም ጋሼ። ገና እያሰብኩ ነው» ብሎ መለሰ።

እያሰብኩ ነው! ጎንደር ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም ድንኳን ገብቶ!

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

ከሁሉ አስቀድሞ መርማሪዎቻችን ይመስገኑ። ሐኪም ዘንድ ብትሄድ ደም ስጥ፣ ሽንት አምጣ፣ ውጤቱን ነገ ውሰድ ትባላለህ። የኛ ሰው ግን ሁለት ቃል ሰምቶ የበሽታውን መነሻም መድኃኒቱንም በአንድ ትንፋሽ ይነግርሃል። አንዱ «ሴት ከድታው ነው» አለ። ሌላው «ዩኒቨርሲቲው ነው ያበላሸው» አለ። ሦስተኛው «ዓይኑን እዩት፣ የራሱ አይደለም» ብሎ አማተበ፤ የልጁ ዓይን የቀላው ከጎኑ በተቀመጠው የከሰል ጭስ ነበር። ከበር በኩል ደግሞ «ጴንጤ ሊሆን ሲል እንዲህ ነው የሚጀምረው» የሚል ድምፅ መጣ። በማግስቱ ጴንጤው ጎረቤቱ ነገሩን ሰምቶ «ወግና ሥርዓት ቢያሰለቸው ነው» ብሎ የራሱን ምርመራ አክሏል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ምኑን እንደሚያስብ ልጁን የጠየቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት የኔታ ንፍሯቸውን እያላመጡ፣ ቀስ ብለው፣ «ምኑ ላይ ነው ልጄ የቆምኸው?» አሉት። ድምፃቸው በርብርቡ ተዋጠ እንጂ። የመጻሕፍት መምህር ናቸው፤ ለአንዲት ቁጥር «አንድም» እያሉ ሦስት አራት ትርጓሜ ሲያወርዱ የኖሩ ሰው «እርግጠኛ አይደለሁም» በሚል ልጅ አይደነግጡም። (የሚደነግጠው ሁልጊዜ ምዕራፉን ያላነበበው ነው። ይህንን እንኳ በሹክሹክታ ነው የምለው።)

እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምሳሳለት ማስረጃ የአውሮፕላኑ ነው። «አውሮፕላን ሲናወጥ አላምንም የሚል ሰው አሳየኝ!» ይህን የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራቅ ብሎ ተጓዘ ከተባለ በሚኒባስ እስከ ደባርቅ ነው፤ አውሮፕላንን የሚያውቀው አዘዞ ላይ ሲያርፍ ከታች አንጋጦ ነው። ቢሆንም እንዲህ ያለ ማስረጃ በአፍ ብቻ መቅረት የለበትም፣ በተግባር ይፈተን። በከተማው ያሉ አሳቢዎችን ሁሉ ለቅመን ከአዘዞ እናስነሳቸው። የአዲስ አበባው በረራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ለንስሐ አይበቃም። ስለዚህ ወደ ሰሜን ዞረን ራስ ዳሽን አናት ላይ እናንዣብብ። ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ከሥር እያለ አየሩ ራሱ ይነቀንቀዋል። ካልነቀነቀው አብራሪውን በሽማግሌ እንለምናለን።

ታዛቢ ደግሞ ያስፈልጋል። አንድ ቄስ፣ አንድ ሼኽና አንድ ፓስተር ከፊት ወንበር ይቀመጡ። እስከ ደባርቅ ሰማይ ድረስ ሦስቱ በፍቅር ነው የሚጓዙት፤ «አይ የዛሬ ልጅ» እየተባባሉ ብስኩት ይካፈላሉ። አውሮፕላኑ መንጠር ሲጀምር አንዱ ተጠርጣሪ «አምላኬ!» ብሎ ይጮኻል። እልል! ተገኘ! ግን የማን አምላክ? ቄሱ «በአማርኛ የጠራው የኛን ነው» ይላሉ። ሼኹ «አማርኛው የሁላችንም ነው፤ ደግሞ አንድ ብቻ ነው የጠራው፣ ቁጠሩ» ይላሉ። ፓስተሩ «አማላጅ አላስገባም፣ በቀጥታ ነው የጠራው፣ ይመዝገብልኝ» ይላሉ። ብስኩቱ እዚህ ላይ ይቆማል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ እንደማንኛውም አበሻ «ወይኔ እናቴ!» ይላል። ይህስ በየትኛው ዓምድ ይግባ? ሦስተኛው ያስመልሰዋል፤ ማስመለስ ስለ ነፍስ ምን እንደሚመሰክር ሦስቱም ታዛቢዎች አይስማሙም። አራተኛው ከነአካቴው ተኝቷል። አደገኛው እርሱ ነው። ቄሱና ፓስተሩ ጌታም በማዕበል መካከል ተኝቶ እንደነበር ያስታውሱና እንቅልፉ የእምነት ነው ወይስ የክህደት በሚለው ላይ ይነታረካሉ፤ አዘዞ ተመልሰው ጎማው መሬት እስኪነካ አይፈታም። ከሁሉም አብልጠው የጮኹት ከኋላ የተቀመጡ፣ ጾም ጸሎት የማያጎድሉ እናት ናቸው። የእርሳቸውን ጩኸት ግን የመዘገበ የለም፤ አማኝ ሲፈራ ማስረጃ አይሆንም። አውሮፕላኑን በሰላም ያሳረፈውን አብራሪም ምን እንደሚያምን ማንም አልጠየቀውም።

በዚህ ከተማ ማሰብ ነውር ነው ያልኩ እንዳይመስላችሁ። ሦስት መቶ ዓመት ካለፈው በጣም ይከበራል። ያው መርማሪ ልጁን «ይሄ የፈረንጅ ትምህርት ነው» ብሎ ከገላገለው በኋላ ፋሲል ግንብ በር ላይ ቱሪስት ካገኘ ስለ ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ ያወርድለታል። «ከዴካርት በምን ያንሳል! የኖረው እኮ እዚሁ እንፍራንዝ ነው!» እንፍራንዝ መቼም ከኛ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። በአውሮፓውያን 1667 ተጻፈ የሚባለው ሐተታ የሚተርከው፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ተከስሶ ሸሽቶ፣ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀምጦ፣ ፈረንጆቹም ግብጻውያኑም «እውነቱ የኛ ብቻ ነው» ሲሉ ማን ይዳኛል ብሎ ስለጠየቀ ሰው ነው። ጾምና ምንኩስናን ሳይቀር በልቡናው ሚዛን ላይ አውጥቷቸዋል። ይህ ሰው ባለፈው ሳምንት እኛ ድንኳን ቢገባ ንፍሮ የሚያቀብለው አያገኝም ነበር።

ደግሞ መጽሐፉን የጻፈው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ፤ አይደለም የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ አልበረደም። ይህንን ለመርማሪያችን ሹክ ብትሉት ደሙ ይፈላል። «አሳቢ አልነበረንም ልትል ነው? የኛ ነው!» ይላል። ጥያቄው ከሕያው ልጅ አፍ ሲወጣ የፈረንጅ፣ ከሙት ሲወጣ የኛ።

ቅባትና ተዋሕዶ የተባሉት፣ በክርስቶስ ባሕርይ ነገር የተለያዩ የቤተ ክርስቲያን ወገኖች፣ በነገሥታቱ ፊት የተከራከሩባት ከተማ ናት ይህች። ያ ሙግት እስከ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ፣ እስከ 1870 ዓ.ም. ድረስ አገር ሲያምስ ኖሯል፤ ደምም አፍስሷል። ግን ያኔ ሰው የሚወገዘው ቢያንስ የሚለው ከተሰማ በኋላ ነበር።

ሽሙጡን ላንድ አፍታ ልተወው። ርብርቡ ሲጋጋል አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ነገ ብትሞት የት ነው የሚቀብሩህ? ሬሳህን ማን ያነሳዋል?» አለው። እናቱ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ትሰማለች። ነጠላዋን ወደ አፏ ስትስበው አየኋት። ሌላ ሰው ገና አፈር ሳይደርቅለት፣ በቁሙ ባለ ልጅ ሬሳ እናቱን ያስፈራራል! ነውር ነው። እኔ ጿሚ ነኝ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሳልሳለም ሳምንት አያልፈኝም። እንዲህ ያለ ጠበቃ የሚያስፈልገው አምላክ ግን አላውቅም። ሕገ መንግሥቱ በ27ኛው አንቀጽ የማሰብን፣ የኅሊናንና የሃይማኖትን ነፃነት ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል፤ እኛ ሦስተኛዋን ብቻ መርጠን፣ እርሷንም ለራሳችን ብቻ አድርገን እናነባለን። ልጁስ ምን ተማረ? ከእንግዲህ ሲጠየቅ «አምናለሁ» ይላል። ለጥምቀት ነጭ ለብሶ ከፊት ይሰለፋል፣ ያጨበጭባል፣ ማንም አይነካውም። ዋሾ አድርገነው ስናበቃ ነፍስ አዳንን ብለን ቡና እንጠጣለን።

እንግዲህ ነገሩ በየድንኳኑ እንዳይደጋገም ለእድራችን የደንብ ማሻሻያ ላቅርብ። ማሰብ የጀመረ አባል በሦስት ቀን ውስጥ ለጸሐፊው በጽሑፍ ያሳውቅ። የሚያስበው ስለ ሽንኩርት ዋጋ ከሆነ እንደ ልቡ ያስብ፤ ወደ ነፍስ ጉዳይ ካለፈ ግን ከቀብር እንደቀረ ተቆጥሮ ይቀጣ። ሁለተኛ ከተገኘ ድንኳንና ብረት ድስት አይሰጠው። አስቦ አስቦ የጨረሰ አባል ደግሞ የደረሰበትን ለጠቅላላ ጉባኤው የማቅረብ ሙሉ መብት አለው፤ ሊደርስበት የሚገባው መልስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስለተለጠፈ ከመምጣቱ በፊት ያመሳክር።