ወገንን «ተው» የማለት ድፍረት

ጦርነት ባለበት ሁሉ ጀግና ይቆጠራል። አቆጣጠሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ በግዳይ ነው፤ ስንት ጣለ፣ ስንት ማረከ፣ የትኛውን ምሽግ ሰበረ። ጥይት እየዘነበበት ወደ ፊት የሚሮጠውን ሰው ላሳንሰው አልፈልግም፤ እኔ ብሆን እግሬ ይተሳሰራል። ቢሆንም ያ ሰው ሲሮጥ ግራና ቀኙ ጓዶቹ አሉ፤ ቢወድቅ የሚያለቅስለት፣ ቢመለስ የሚያጨበጭብለት ሕዝብም አለው። ብቻውን የሚቀረው የገዛ ጓዶቹን «ተው» የሚለው ነው።

ሂዩ ቶምሰን የ24 ዓመት አሜሪካዊ የሄሊኮፕተር አብራሪ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1968 በቬትናም «ሚ ላይ» የተባለን መንደር ዝቅ ብሎ ሲቃኝ ያየው ነገር ግራ አጋባው። የተኩስ ልውውጥ የለም፤ ሬሳ ግን በየቦታው ወድቋል፣ የሴት፣ የሽማግሌ፣ የሕፃን። የቆሰሉትን ሐኪም እንዲደርስላቸው በጭስ ምልክት አደረገባቸው፤ ተመልሶ ሲመጣ ተገድለው አገኛቸው። ገዳዮቹ የአገሩ ወታደሮች ናቸው። ጥቂት ሰዎች የተሸሸጉበትን ጉድጓድና ወደዚያው የሚገሰግሱትን ወታደሮች ሲያይ ሄሊኮፕተሩን በመካከላቸው አሳረፈ። ለባልደረቦቹ ለላውረንስ ኮልበርንና ለግሌን አንድሪዮታ የሰጠው ትእዛዝ አጭር ነበር፦ በሰላማዊ ሰዎቹ ላይ ከተኮሱ እናንተም ተኩሱባቸው። ከዚያ ሰዎቹን በእጁ እየጠራ አወጣቸው፤ ሌሎች አብራሪዎችን በሬዲዮ ለምኖም አስጫናቸው። አንድሪዮታ ደግሞ ሬሳ የሞላበት ቦይ ውስጥ ገብቶ ገና የሚተነፍስ ሕፃን ይዞ ወጣ።

በቬትናም በኩል በተደረገው ቆጠራ በዚያ ቀን 504 ሰዎች ተገድለዋል። የተፈረደበት አንድ መኮንን ብቻ ነው፤ እሱም ጥቂት ዓመታት በቁም እስር ቆይቶ ተለቀቀ። ለቶምሰን ጦሩ ቶሎ ኒሻን ሰጥቶት ነበር፤ ከኒሻኑ ጋር የመጣው ጽሑፍ ሕፃኑን ከተኩስ ልውውጥ መካከል እንዳዳነ የሚተርክ ፈጠራ ስለነበረ ወረወረው። ሲመሰክር ደግሞ አንድ ስመ ጥር የምክር ቤት አባል መቀጣት ያለበት እሱ ብቻ ነው አሉ። የግድያ ዛቻም ይደርሰው ነበር።

ሦስቱም «የወታደር ሜዳሊያ» የተሸለሙት እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ አንድሪዮታ ከጭፍጨፋው ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ስለተገደለ አላየውም። ሜዳሊያው በደንቡ መሠረት ከጠላት ጋር ከመፋለም ውጭ ለተፈጸመ ጀግንነት የሚሰጥ ነው። ይህን ሳነብ ሳቅም ንዴትም ይቀላቀልብኛል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የናዚ መሪዎችን የዳኘው የኑረምበርግ ፍርድ ቤት «ታዝዤ ነው» የሚለውን ማመካኛ ካልተቀበለ ብዙ አሥርት ዓመታት አለፉ፤ መርሁም በብዙ ጦሮች ደንብ ውስጥ ሰፍሯል። ወታደር ግን ጠመንጃ መፍታትና መግጠም ዐይኑን ተሸፍኖ እስኪችል ይለማመዳል፤ እምቢ ማለትን ማን አለማመደው? አንቀጽ በቃል መያዝ ልምምድ አይደለም። አለቃ ሲጮህ፣ ጓድ ዐይኑን ሲያፈጥበት፣ ሐሳብ አልሰበሰብ ሲል «አልተኩስም» የሚል ቃል ከአፉ እንዲወጣ አስቀድሞ መሠልጠን አለበት። ቶምሰን በኋለኛው ዕድሜው በጦር አካዳሚዎች እየተጋበዘ ለዕጩ መኮንኖች ይናገር ነበር። ንግግሩ መልካም ነው፤ እኔ የምጠይቀው ግን በሥልጠናው መርሐ ግብር ላይ እንደ ተኩስ ልምምዱ ሁሉ ሰዓት እንዲያዝለትና ፈተና እንዲወጣለት ነው።