ስንት ገዛኸው?

ወንድሜ ትናንት መጣ። ሰላምታውን ሳይጨርስ ወደ ኩሽና ዘለቀና አዲሱን ማይክሮዌቭ፣ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው፣ በጣቱ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ አደረገው። "ስንት ገዛኸው?" ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። "በቃ ተበልተሃል! ምነው ሳትነግረኝ?"

ነግሬው ነበር እኮ! አሮጌው የሞተ ዕለት ደውዬ የትኛው እንደሚሻል ስጠይቀው "ሁሉም ያው ነው፣ አንዱን አንሳ" ብሎ ዘጋው። የሥራ ባልደረባዬም እንደዚያው። ጎረቤቴም እንደዚያው። ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ ግን ሁሉም መሐንዲስ ሆነው ቁጭ አሉ።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" የሚለውን ተረት በጣም እወደዋለሁ። ውሻው ላይ ግን ያለ አግባብ ተፈርዶበታል ባይ ነኝ። ውሻ ዝም የሚለው ፈርቶ ነው፤ ጅብ ቀልድ አይደለም። እነዚህ ማንን ፈርተው ነው ዝም ያሉት? ሻጩን? ደግሞም ውሻው ጮኾ ጮኾ ሲያበቃ መጥቶ "ተበልተሃል" አይልህም። በእውነት ተበልተህ ከሆነማ ማን ይሰማዋል?

የአሮጌው አሟሟት ራሱ ያናድዳል። መብራቱ ይበራል፣ ሳህኑ ይዞራል፣ ያጉረመርማል፣ ምግቡ ግን ቀዝቃዛ እንደገባ ቀዝቃዛ ይወጣል። ስብሰባ በሉት። ባልደረባዬ ይህን ሰምቶ "ክዳኑን ፈተህ እየው፣ ሽቦ ለቆ ይሆናል" አለኝ። ይህችን በቀልድ አላልፋትም። ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ወደ ሺህ ቤት ቮልት ያወጣዋል፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ደግሞ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ይዞት ሊቆይ ይችላል። ሰው ይገድላል። የትኛውን ልግዛ ሲባል "እኔ እንጃ" የሚል ሰው፣ ሞት ያደፈጠበትን ክዳን ፍታ ለማለት እንዴት አፉ አይያዝም?

ስለዚህ ብቻዬን ልገዛ ወጣሁ። የቤቴን ትልቁን ሳህን በብብቴ ይዤ። ሣቁብኝ፣ ይሣቁ። ሳጥኑ ላይ "20 ሊትር" ብለው የሚጽፉት ማዕዘኑን ሁሉ ደምረው ነው፤ ሳህን ደግሞ ማዕዘን ውስጥ አይዞርም። አንዱ ውስጥ ሳስገባው ግድግዳውን እየፋቀ ተቀረቀረ። ካልዞረ ደግሞ ጣጣ ነው፤ ምግቡን የሚያሞቀው ሞገድ ውስጥ ለውስጥ እየተንጸባረቀ አንዱን ጥግ ያቃጥልና ሌላውን ይዘለዋል። ስወጣ ጥበቃው የሳህኑን ደረሰኝ ጠየቀኝ። ከቤቴ ያመጣሁት ነው ብለው አላመነም። በመጨረሻ ጠርዙ ላይ የደረቀችውን የማታውን ወጥ አሳይቼ ነው ያለፍኩት።

ሻጩ "1200 ዋት ነው" አለኝ፣ ልጁን እንደሚድር አባት ደረቱን ነፍቶ። ዕቃውን አዙሬ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን አነበብኩ። 1200 የሚበላው ነው። ለምግቡ የሚሰጠው 700። እንዲህ ዓይነት ዘመድ መቼም የሌለው የለም። ቁልፎቹ ደግሞ! የዓሣ ሥዕል፣ የፈንዲሻ ሥዕል፣ ምን እንደሆነ ያልገባኝ የሚተን ነገር ሥዕል። በአሮጌው ዕድሜ ሙሉ የተጫንኩት አንዲት ቁልፍ ነች፣ 30 ሰከንድ የምትለውን። "መካከለኛ" የሚለውም በብዙዎቹ ላይ መካከለኛ አይደለም፤ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፣ ያርፋል፣ ይሠራል፣ ያርፋል። ኃይሉን በእውነት የሚቀንሱት ኢንቨርተር የሚባል የኃይል መቆጣጠሪያ ያላቸው ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ወደድ ይላሉ። እኔ ሁለት መዘውር ብቻ ያለውን ወሰድኩ፤ አንዱ ለኃይል፣ አንዱ ለደቂቃ። ሰዓት የለውም። ተነቅሎ በተሰካ ቁጥር ዜሮ ዜሮ እያለ ከሚጠቅሰኝ ዕቃ ተገላገልኩ።

ይህን ነገር ያመጣልን ፐርሲ ስፔንሰር እኮ አንደኛ ደረጃን እንኳ አልጨረሰም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1945 ሬይቲዮን በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ማግኔትሮን በሚባለው የራዳር ሞገድ አመንጪ አጠገብ ቆሞ ሳለ ኪሱ ውስጥ ቸኮሌት ቀለጠበት ይባላል። እኔ ብሆን ልብሴን አጥቤ እረሳው ነበር። በ1947 የወጣው የመጀመሪያው ማይክሮዌቭ 1.8 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ 340 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ግንድ ነበር። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው በየቤቱ መግባት የጀመረው ከ1967 ወዲህ ነው። ያንን ግንድ ለገዛ ሰው እቀናለሁ። ቢያንስ "ሂድና መልሰው" የሚለው አይኖርም።

ወንድሜን ካነሳሁ አይቀር ሌላም አለኝ። የዛሬ ስድስት ዓመት ጠርዙ ወርቅማ የሆነ ኩባያዬን ሻይ ሞልቶ አሮጌው ውስጥ ከተተና ርችት አስነሳ። ያ ጠርዝ ቀለም ይምሰል እንጂ ብረት ነክ ነው፣ ብልጭታ ይተፋል። ኩባያው ተሰነጠቀ። ስድስት ነበሩ፣ ከዚያ ወዲህ አምስት ናቸው። ይቅርታ? የምን ይቅርታ! "ይሄ ማይክሮዌቭ ጥራት የለውም፣ ስንት ገዛኸው?" ነው ያለኝ። ያኔም!

የት ነበርኩ? አዎ፣ ዋጋው። አሁን ለጠየቀኝ ሁሉ ግማሹን ነው የምናገረው። ባልደረባዬ ግማሹን ሰምቶም "ተበልተሃል" አለኝ፣ ስለዚህ እሱም አልሠራም።

ወንድሜ ትናንት ሊሄድ ሲል "ሻዬ ቀዘቀዘ፣ እስቲ በአዲሱ ላሙቀው" ብሎ ተነሳ። ሳየው በእጁ የያዘው ከአምስቱ አንዱን ነው። ሻዩ እየፈሰሰ ቀማሁት።