ማስተካከያ፦ የሃርቫርድ ዘመቻ ከዜሮ አልተነሳም

ባለፈው ሳምንት ስለ ዩኒቨርሲቲዎች የገንዘብ ማሰባሰቢያ ዘመቻ በጻፍኩት ላይ ሁለት ስህተቶች አሉ። ይቅርታ እየጠየቅኩ ላርማቸው።

የአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ2013 እ.ኤ.አ. 6.5 ቢሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ «ከዜሮ ተነሳ» ብዬ ነበር። አልተነሳም። ዘመቻው ለሕዝብ ይፋ በሆነበት ቀን 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አስቀድሞ ተይዞ ነበር። ከይፋው በፊት ያለው ይህ ጸጥ ያለ ጊዜ ነው የዘመቻው ወገብ። ትልልቅ ለጋሾች አንድ በአንድ፣ ፊት ለፊት ይጠየቃሉ። መልሳቸው ቀዝቀዝ ካለ ግቡ ማንም ሳይሰማ ዝቅ ይላል።

ስህተቴ ያሳሰበኝ ለዚህ ነው። የቀድሞ ተማሪዎች ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ «በቃ፣ አዳራሽ ተከራይተን ግቡን እናውጅ» ብላችሁ ከሆነ፣ አደራ ቆም በሉ። የመጀመሪያው ምሽት ላይ ሰሌዳው 0 ብር ሲያሳይ፣ እንግዳው እጁን ወደ ኪሱ ከመስደድ ይልቅ ጎረቤቱን ነው የሚያየው።

ሁለተኛ፣ ዘመቻው በ2018 ሲዘጋ 9.6 ቢሊዮን ዶላር «ካዝና ገባ» ብያለሁ። ቁጥሩ የተሰጠውና ቃል የተገባው ድምር ነው። ቃል የተገባው በየዓመቱ እየተከፋፈለ ይከፈላል። ብዙው ገንዘብ ደግሞ ለተወሰነ ዓላማ የታሰረ ነው። አሜሪካዊው ባለሀብት ጆን ፖልሰን በ2015 የሰጡት 400 ሚሊዮን ዶላር ለምህንድስና ትምህርት ቤቱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው እንዳሻው ለሌላ ክፍል ደሞዝ አያውለውም።

እናንተም መዝገባችሁ ላይ ቃል የተገባውንና እጅ የገባውን በሁለት ዓምድ ለዩት።