ውሻው ምን አጠፋ?

ኧረ በናታችሁ ይሄ የአዲስ አበባ ውሻ ነገር አንገብግቦኛል። ሰው ግቢ ሲኖረው ቡችላ ያመጣል፣ ሌባ ይጠብቅልኝ ብሎ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት አስሮ ትርፍራፊ እየወረወረለት ያሳድገዋል፣ ከዛ ቤቱ ሲፈርስ ወይ ኮንዶሚኒየም ሲገባ እዛው ጥሎት ይሄዳል። ሴት ከሆነችማ ትወልድብናለች ተብሎ ገና በቡችላነቷ ነው ቱቦ ዳር የምትጣለው። ተርበው ማታ ማታ በመንጋ ሲዞሩ ደሞ ውሻ አስቸገረን እንላለን፣ መፍትሄው መርዝ! ልጆች ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄዱ አረፋ ደፍቆ የሞተ ውሻ ያያሉ። መርዝ እኮ የእብድ ውሻ በሽታን አያጠፋም፣ የሚያጠፋው ክትባት ነው፣ 70 በመቶው ውሻ ከተከተበ ስርጭቱ ይቆማል ብሎ የዓለም ጤና ድርጅት ስንት ዓመት ተናገረ፣ የገደልከው ቦታ ላይ ያልተከተበ ሌላ ይመጣል በቃ። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፣ የተነከሰ ሰው ወዲያው ቁስሉን በውሃና ሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ጤና ጣቢያ መሮጥ አለበት፣ ይሄን እንኳን በደንብ የሚነግረን የለም። እኛ ሰፈር ከዘበኛው ጋ የሚያድሩትን ለማስከተብ ስንጠይቅ ክትባት የለም ተባልን፣ መርዝ ሲሆን ግን ይገኛል፣ ይሄ ነው የሚያናድደኝ።